«ኔጌቲቭ ነኝ» ሲባል ምን ማለት ነው? የኮሮና ምርመራ መቼ ይደረግ፣ የትኛውስ ይሻላል?

  

ሰሞኑን ኢንቦክሴ ውስጥ ከሚገቡት መልእክቶች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ከአዲስ አበባ፣ ከሀዋሳ፣ ከአርባ ምንጭ ለበዓል ወደ ቤሌ የሚመጡ ልጆቻችን ናቸው የሚጽፉልኝ። «ዶክተር፣ ተመርምሬ ኔጌቲቭ ወጥቻለሁ፣ እናቴ ጋ ብገባ ችግር የለውም አይደል?» ይላሉ። መጠየቃቸው በራሱ ደስ ይላል፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚገባው። መልሱ ግን በአዎ ወይም በአይ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ዳታችሁን ይባርክላችሁ።

ከጠየቁኝ የአንዱን ልውሰድ (ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ የቤሌ ልጅ ነው። ሰኞ ዕለት አጠገቡ ከሚቀመጥ ባልደረባው ጋር አብረው ዋሉ፣ ምሳም አብረው በሉ። ረቡዕ ባልደረባው ኮሮና እንዳለበት ታወቀ። የእኛ ልጅ ደንግጦ ሐሙስ ተመረመረ፣ አርብ ኔጌቲቭ የሚል ወረቀት ተሰጠው፣ ቅዳሜ ሌሊት መኪና ሊሳፈር ነው። ቤት የምትጠብቀው እናቱ የስኳርና የደም ግፊት ታማሚ ናት፣ ክትባት አልወሰደችም።

ወረቀቱ አልዋሸም። ሐሙስ ጠዋት አፍንጫው ውስጥ ቫይረሱ አልተገኘም፣ በቃ። ቫይረሱ ግን ሰውነት ውስጥ በገባ ማግስት አፍንጫን አይሞላም። መጀመሪያ ጥቂት ነው፣ ይራባል፣ ከዚያ ነው በምርመራ የሚታይ መጠን ላይ የሚደርሰው። ከተጋለጥንበት ቀን ጀምሮ ምልክት እስኪታይ ባብዛኛው ጥቂት ቀናት ይፈጃል፤ ከ2 እስከ 14 ቀንም ሊሆን ይችላል።

በ2020 እ.ኤ.አ. የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እስከዚያ የወጡ ጥናቶችን ሰብስበው ይህንኑ በቀን ከፋፍለው አስልተውታል። ቫይረሱ በያዘው ሰው ላይ ፒሲአር በመጀመሪያው ቀን ቢሠራ ምንም አያገኝም፤ 100 በ100 ያመልጠዋል። በ4ኛው ቀን 67 በ100 ያመልጠዋል። ምልክት በሚጀምርበት ቀን (5ኛው ቀን ብለን እንያዘው) 38 በ100። ምልክት ከጀመረ ከ3 ቀን በኋላ ደግሞ ወደ 20 በ100 ይወርዳል፤ ምርመራው ከሁሉም የተሻለ የሚሆነውም ያኔ ነው። ልብ በሉ፣ ምርጥ በሚባለው ቀን እንኳን ከአምስት ሰው አንዱን ሊያመልጥ ይችላል።

እንግዲህ ሰኞ የተጋለጠ ሰው ሐሙስ ቢመረመር 3ኛ ቀኑ ላይ ነው ያለው። ይዞት ቢሆን እንኳን ኔጌቲቭ የመባሉ ዕድል ከመታየት ዕድሉ ይበልጣል። ይባስ ብሎ ሰው ምልክት ከማሳየቱ 2 ቀን ቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል። ስለዚህ ይህ ልጅ ቅዳሜ መኪና ውስጥ፣ እሁድ ደግሞ እናቱ እቅፍ ውስጥ የሚሆነው ልክ ቫይረሱ ሊተላለፍ በሚችልበት ሰዓት ነው። «ወንድሜ፣ ዘንድሮን በስልክ እንኳን አደረሰሽ በላት» ነው ያልኩት። ቅር ብሎታል፣ አውቃለሁ። ጊፋታን ቤት ውስጥ ያላሳለፈ የወላይታ ልጅ ምን እንደሚሰማው ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

በእርግጠኝነት ኮሮና ከተገኘበት ሰው ጋር የተነካካችሁ ሰዎች በዚያው ቀን ሮጣችሁ አትመርመሩ። ምልክት ካልመጣ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ባለው ቀን ውስጥ ተመርመሩ። ምልክት ከመጣ ግን ቀን ሳትቆጥሩ በዚያው ዕለት። ውጤቱ ኔጌቲቭ ቢሆንም እስከ 14 ቀን ከአቅመ ደካሞች ራቁ።

ምርመራዎቹ ምንድን ናቸው? ሦስት ዓይነት ናቸው፣ ሰው ግን ሁሉንም «ቴስት» እያለ ስለሚጠራ ይደባለቃሉ።

ፒሲአር የሚባለው የቫይረሱን ዘረ መል ነው የሚፈልገው። አሠራሩን በፎቶ ኮፒ አስቡት። ከአፍንጫ በስተኋላ ወይም ከጉሮሮ በተወሰደው ናሙና ውስጥ የቫይረሱ ዘረ መል ካለ፣ ማሽኑ እየደጋገመ ያባዛዋል። አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። 30 ዙር ሲሞላ አንዷ ቅንጣት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ኮፒ ትሆናለች ማለት ነው። ለዚህ ነው በጣም ትንሽ ቫይረስ እንኳን የሚይዘው። ማሽኑ ግን ውድ ነው፣ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል፣ በየከተማው የለም። ናሙናው በቀዝቃዛ ሳጥን ተይዞ ወደ ላቦራቶሪ መጓዝ አለበት፤ መንገድ ላይ ከሞቀ ይበላሻል። ውጤት የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ማሽኑ ራሱ በሰዓታት ነው የሚጨርሰው።

መጀመሪያ ላይ የነበርንበትን ካስታወስን ግን ብዙ መጥተናል። በ2012 ጥር ላይ የተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የሚላከው። ከዚያ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ራሱ መሥራት ጀመረ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ፣ ቀስ በቀስም ላቦራቶሪዎች ወደ ክልሎች ወረዱ። እስከ 2014 መጀመሪያ በአገር ደረጃ ከ3 ሚሊዮን በላይ ምርመራ ተደርጎ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ላይ ቫይረሱ ተገኝቶ ነበር። ያኔ በቀን ከአንድ ሺህ በላይ ይገኝ ነበር። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶ/ር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ይለጥፉት የነበረውን ቁጥር አይታችሁ «እኛ ሰፈር የለም» ያላችሁ ካላችሁ፣ እዚያ ላይ ይቆጠር የነበረው የተመረመረ ሰው ብቻ ነው። ያልተመረመረ ሰፈር ሁልጊዜ ዜሮ ነው የሚሆነው።

ሁለተኛው ራፒድ ቴስት ወይም የአንቲጂን ምርመራ ነው። የእርግዝና መመርመሪያ አይታችኋል አይደል? እሱን ይመስላል። ከአፍንጫ ናሙና ይወሰዳል፣ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፣ ጠብታ ይደረግበታል፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ መስመር ያሳያል። የሚፈልገው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው፣ እንደ ፒሲአር አያባዛም። ስለዚህ ቫይረሱ በብዛት ሲኖር ብቻ ያያል። ቫይረሱ የሚበዛው ደግሞ ምልክት ከጀመረ በመጀመሪያዎቹ 5 እስከ 7 ቀናት ነው። እንደ ቤሌ ላለ ከተማ ይህ ምርመራ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰውየው ወረፋ ላይ እያለ ውጤቱ ይታወቃል። ትኩሳትና ሳል ያለበት ሰው በ3ኛ ቀኑ ራፒድ ቢሠራ፣ ፒሲአር ተልኮ ሳምንት ከሚጠበቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ጥሩ ምርመራ ዘግይቶ ሲመጣ ሰውየው ያን ጊዜ ሁሉ ገበያ ሲዞር ከርሟል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ራፒድ ቴስት ተቀባይነት እንዲያገኝ ቢያንስ ከ100 ታማሚ 80ውን ማግኘት፣ ከ100 ጤነኛ ደግሞ 97ቱን ኔጌቲቭ ማለት አለበት ይላል። ቁጥሩ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ላሳያችሁ። ትኩሳትና ሳል ይዘው ከመጡ 100 ሰዎች 10ሩ ኮሮና አለባቸው እንበል። ራፒዱ 8ቱን ያገኛል፣ 2ቱ ያመልጡታል። ከ90ዎቹ ጤነኞች ደግሞ 3 ያህሉን በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። ስለዚህ ፖዘቲቭ ከተባሉት 11 ሰዎች 8ቱ እውነተኛ ናቸው፤ ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ ምንም ምልክት የሌላቸውን 100 ሰዎች እንመርምር፣ ቫይረሱ ያለበት አንድ ሰው ብቻ ነው እንበል። ቢገኝ አንዱ ይገኛል፣ 3 ጤነኛ ሰዎች ግን በከንቱ ይደነግጣሉ። ምርመራው ያው ነው፣ የተለወጠው የተመረመረው ሰው ነው። ሐኪም «ምልክት አለህ? ከማን ጋር ነበርክ?» ብሎ የሚጠይቀው ለወሬ አይደለም፤ መልሳችሁ የውጤቱን ትርጉም ይለውጠዋል።

ሦስተኛው ከጣት ወይም ከክንድ ደም ተወስዶ የሚሠራው የአንቲቦዲ ምርመራ ነው። እሱ ሰውነት ከዚህ በፊት ቫይረሱን አግኝቶት ያውቅ እንደሆነ ነው የሚናገረው። አሁን ታምሜያለሁ ወይ ለሚል ሰው አይጠቅምም። እዚህ ላይ ገንዘባችሁን አታጥፉ።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ፣ የሚያሳስበኝም ይኼ ነው። ቤሌ ቆላ ነው፣ ዝናቡ ሲያቆም ወባ ይነሳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ትኩሳት ሲባል ሁላችንም ቶሎ የምናስበው ወባን ነው፣ ልክም ነው። የወባ ምርመራ በፍጹም እንዳይቀር። ግን ባለፉት ሳምንታት የማየው ነገር አለ፤ ሰው የወባ ምርመራ አድርጎ ፖዘቲቭ ይባላል፣ መድኃኒት ይወስዳል፣ በ3ኛው ቀን ትኩሳቱ አልወረደም፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ተጨምሮበታል። ወባና ኮሮና አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። አንዱ መኖሩ ሌላውን አያስወጣም። ወባ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ያመጣል፤ ደረቅ ሳል፣ ድንገት የሽታና የጣዕም መጥፋት፣ የጉሮሮ ሕመም ሲጨመር ግን ሌላም ነገር ጠርጥሩ። ቡናው አልሸት ያላት እናት ካለች ወባ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ሌላው የእኛ አገር ልማድ «ታይፎይድና ታይፈስ» ነው። ትኩሳት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ክሊኒክ ገብቶ በአንድ የደም ምርመራ ሁለቱንም አለብህ ተብሎ መርፌ ተወግቶ ይወጣል። የታይፎይዱ የደም ምርመራ፣ ዊዳል የሚባለው፣ ድሮ የያዘን ወይም ሌላ ኢንፌክሽን እንኳን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ብዙ አይታመንም። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ግን ኮሮና ያለበት ሰው «ታይፎይድ ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ማስክ አያደርግ፣ አይለይ፣ ከሽማግሌ አባቱ ጋር አንድ ክፍል ያድራል። ጉዳቱ እዚያ ጋ ነው። (በዊዳል ነገር ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፣ ሆዴን የሚያቃጥለኝ ርዕስ ነው።)

ታዲያ ማን ይመርመር? ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የሽታ ወይም የጣዕም መጥፋት፣ ያልተለመደ ድካም የጀመረው ሰው በሙሉ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት። ክትባት የወሰደም ቢሆን። በሽታው ከተገኘበት ሰው ጋር አንድ ቤት ያለ ወይም ቀርቦ የቆየ፣ ቀን ቆጥሮ። የጤና ባለሙያ። የሆነ ምልክት ያለበትና ዕድሜው ከ60 በላይ የሆነ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የአስም ችግር ያለበት ሰው ግን አንድ ቀንም አይጠብቅ። ምልክትም ንክኪም የሌለው ወጣት «እስቲ ለማወቅ ያህል» ብሎ ቢመጣ ግን መመርመሪያው ውስን ስለሆነ ለሚያስፈልገው ቢተው እመርጣለሁ። ለጉዞ ይጠየቅ የነበረው ወረቀት ሌላ ጉዳይ ነው፣ የአየር መንገዱንና የምትሄዱበትን አገር ሕግ ተከተሉ።

ለበዓል ለምትመጡ ደግሞ፦ ከጉዞ በፊት አንድ ሳምንት ከሰው መጨናነቅ ራቁ፣ ምልክት ካላችሁ አትምጡ። ከሶዶ ቤሌ፣ ከቤሌም አልፎ ወደ ዳውሮ በሚሄደው መኪና ውስጥ መስኮት ክፈቱ፣ አቧራ ይግባ እንጂ። ከመጣችሁ በኋላ ሥጋው የሚከፋፈለውም ሆነ የሚበላው ግቢ ውስጥ፣ ደጅ ላይ ቢሆን ምን ይጎድልበታል?  ለአያቶች ለብቻ ሳህን፣ ራቅ ያለ ወንበር። ይህን ለማድረግ ምርመራ አያስፈልግም።

ፖዘቲቭ ከሆንኩስ? ብዙ ሰው የሚሸሸው ከዚህ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሰው ሁሉ ወደ ማቆያ ይወሰድ ስለነበር፣ ዛሬም «ልመርመር እንዴ፣ ሊወስዱኝ ነው» የሚል አለ። አሁን ቀላል ሕመም ያለበት ሰው ቤቱ ሆኖ ነው የሚያገግመው፤ ለብቻ ክፍል፣ ከሌለ ደግሞ መጋረጃና የተከፈተ መስኮት፣ ማስክ፣ ለብቻ ዕቃ። በ2014 መጀመሪያ በነበረው መመሪያ፣ ምልክት ከጀመረ 10 ቀን ሲሞላ፣ ከዚያ ላይ ያለ ምልክት ቢያንስ 3 ቀን ተጨምሮ ይወጣ ነበር። ምልክት ያልነበረው ደግሞ ከተመረመረበት ቀን 10 ቀን ይቆይ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ በኋላ «ኔጌቲቭ መሆኔን ላረጋግጥ» ብሎ ፒሲአር ደግሞ ማሠራት አያስፈልግም። ቤት ተቃጥሎ እሳቱ ከጠፋ በኋላም አመዱ ይቀራል አይደል? ፒሲአር አመዱንም ያገኛል። የሞተ ቫይረስ ቁርጥራጭ ለሳምንታት፣ አንዳንዴ እስከ 3 ወር ድረስ ሊታይ ይችላል፤ ሰውየው ግን አያስተላልፍም። በዚህ ምክንያት ዳነው የተመለሱ ሰዎች ሥራ አትገቡም፣ ቤት አትከራዩም ሲባሉ ሰምቻለሁ። አሠሪዎችና አከራዮች፣ ይህን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡት እባካችሁ።

ምርመራ የማይጠበቅበትም ጊዜ አለ። ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ያጠረው፣ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ ደረቱ ላይ የማያቋርጥ ሕመም ያለው፣ ግራ የተጋባ ወይም ለመንቃት ያስቸገረ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ካያችሁ «ውጤቱ ነገ ይመጣል» ብላችሁ ቤት አታሳድሩ። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካላችሁና ከ90 በታች ካሳየም እንደዚያው፤ በ90 እና በ94 መካከል ከሆነም ሐኪም ይየው። እሱን የሚያድነው ኦክስጅን ነው፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል። ዳማከሴ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት በማር አልከለክልም፣ ጉሮሮም ያለሰልሳል፤ ለትንፋሽ ማጠር ግን መልስ አይደለም። ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ግራ ከገባችሁ 8335 ወይም 952 በነጻ ደውሉ።

በተደጋጋሚ የሚመጡ ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። ክትባት ከወሰድኩ ምርመራው ፖዘቲቭ ይለኛል ወይ? አይልም። ክትባቱ ፒሲአሩንም ራፒዱንም ፖዘቲቭ አያደርግም። ፖዘቲቭ ከተባላችሁ ቫይረሱን ከሌላ ቦታ አግኝታችሁታል ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ አፍንጫ ውስጥ የሚገባው ነገር አንጎል ይነካል ወይ? አይነካም፤ በመካከሉ አጥንት አለ፣ መንገዱም ወደ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጉሮሮ በስተኋላ ነው። ያስለቅሳል፣ ያስነጥሳል፣ ጥቂት ሰከንድ ነው የሚቆየው። ራሳችሁን ትንሽ ቀና አድርጉ፣ በአፋችሁ ተንፍሱ፣ የባለሙያውን እጅ አትያዙት። ነስር የሚያስቸግራችሁ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ከጉሮሮ ሊወስድላችሁ ይችላል። ልጅ ይዛችሁ ከመጣችሁ ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላው እቀፉት፤ «አያምም» ብላችሁ ግን አትዋሹት፣ ሁለተኛ አይመጣላችሁም።